ስለ ካርቦን ቧንቧው፦ ጎረቤቶችሽ ለምን እምቢ አሉ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምንኖረው ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤት ልንገዛ ነው። በየመንገዱ ዳር የካርቦን ቧንቧ የሚቃወም ሰሌዳ ተተክሏል። የሥራ ባልደረባዬ “ከፈነዳ መንደሩ በሙሉ ያልቃል” ይለኛል። ልጄ ደግሞ “የአየር ንብረት ለውጥን ለመከላከል ነው” ተብሎ ተምሮ መጣ። ገበሬዎቹ የሚቃወሙት ስላልገባቸው ነው? ወይስ እውነት አደገኛ ነው? ቤቱንስ እንግዛው?

መልስ፦ ጋሼ ካልሽኝ አንቺ እያልኩ ልቀጥል። ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። ገበሬዎቹ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። አደጋውም የለም አይባልም፤ ግን ባልደረባሽ እንደሚለውም አይደለም። ቤቱን መጨረሻ ላይ እናየዋለን።

መጀመሪያ ቧንቧው ውስጥ ምን እንደሚሄድ እንወቅ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ትምህርት ቤት “የተቃጠለ አየር” እያልን የተማርነው። ከፋብሪካ ተይዞ በቧንቧ ይሄድና ከመሬት በታች ይቀበራል፣ አየር ውስጥ ገብቶ ምድርን እንዳያሞቅ። ጠላ ተጠንስሶ ጋኑ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? እሱ ነው። እናንተ አካባቢ ያሉት የኤታኖል ፋብሪካዎች ሥራ ከጠላ ጠመቃ ብዙም አይርቅም። ጌሾ የለውም፣ እህሉ በቆሎ ነው፣ የሚጠጣውም መኪና ነው። በቆሎው ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኩባንያዎቹ የተረባረቡበት ለዚህ ነው። ከድንጋይ ከሰል ጣቢያ ጭስ ውስጥ ይህንኑ ጋዝ ለይቶ ማውጣት ኬሚካል፣ ብዙ እንፋሎትና ብዙ ገንዘብ ይበላል። ካናዳ ውስጥ ባውንደሪ ዳም የሚባለው ጣቢያ ከ2014 ጀምሮ ይሞክረዋል። እስካሁን የያዘው ከታሰበለት በታች ነው። ከኤታኖል ፋብሪካ ግን ጋዙን ተቀብሎ ማድረቅና መጭመቅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም፣ ሐበሻ ሁሉ ስለሚያምታታው። ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው ሞቱ ሲባል የምንሰማው ሌላ ጋዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። በጣም ትንሹም ይገድላል። ቧንቧው ውስጥ ያለው እሱ አይደለም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን የራሱ ጠባይ አለው። አይቃጠልም። ሽታም ቀለምም የለውም። ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ረባዳ ቦታ ይወርዳል። የሐረርጌ ገበሬ የእህል ጉድጓድ ከፍቶ ወዲያው አይገባም። እስኪተነፍስ ይጠብቃል። ታፍኖ የከረመው ማሽላ ጉድጓዱን በዚሁ ጋዝ ስለሚሞላው ነው። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ 0.04 በመቶ ያህሉ እሱ ነው። 4 በመቶ ሲደርስ ለሕይወት አስጊ ይባላል። 10 በመቶ ከሆነ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል።

ታዲያ ቧንቧ ሲሰበር ምን ይሆናል? ይህን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ሆኖ ታይቷል።

የካቲት 22 ቀን 2020፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ሳታርሺያ የምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ። ዝናቡ ሰንብቶ ነበር። ኮረብታው ተንሸራተተና ውፍረቱ 24 ኢንች የሆነውን የዴንበሪ ኩባንያ የካርቦን ቧንቧ ይዞት ሄደ። ቧንቧው ብየዳው ላይ ተገነጠለ። የዚህ ዓይነት ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ታፍኖ የኖረው ጋዝ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ በረዶና ጉም ይሆናል። ጉሙ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ አንድ ማይል ርቃ ወደምትገኘው ሳታርሺያ ወረደ። ሰዎች ለመሸሽ መኪና ውስጥ ገቡ። መኪናው ቀጥ አለ። ሞተርም እንደ ሰው ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ጉሙ ውስጥ በቂ ኦክስጅን አልነበረም። ወደ 200 ሰዎች ከአካባቢው እንዲወጡ ተደረገ። 45 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። የሞተ የለም።

ስለዚህ ባልደረባሽ “መንደሩ ያልቃል” ሲልሽ፣ አላለቀም በይው። አንዳንዱ የካሜሩኑን የኒዮስ ሐይቅ ይጠቅስብሻል። በ1986 በአንድ ሌሊት ከሐይቁ የወጣው ጋዝ ወደ 1,700 ሰው ፈጅቷል። እውነት ነው። ግን ያ አንድ ሐይቅ ሙሉ ጋዝ በአንዴ ሲገነፍል ነው። ቧንቧ በየተወሰነ ርቀት የሚዘጋ ቫልቭ አለው። ሁለቱን እኩል ማድረግ ሰውን ማስፈራራት ነው፣ እኔ አልወደውም።

ከሳታርሺያ እኔን የከነከነኝ ግን ሌላው ነገር ነው። የመንግሥት መርማሪዎች በ2022 ባወጡት ሪፖርት ላይ፣ የኩባንያው ስሌት ጋዙ እስከ መንደሩ ይደርሳል ብሎ እንዳልገመተ ተጽፏል። ስለዚህ የአካባቢው የእሳት አደጋ ሠራተኞች አልተነገራቸውም። ያን ምሽት ምን እንደገጠማቸው የደረሱበት ራሳቸው እየገመቱ ነው። ቧንቧው አጠገባቸው ተቀብሮ፣ ውስጡ ያለውን ሳይነገራቸው!

ሰሌዳው ላይ የምታነቢው ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ሰፈር እንምጣ። በ2021 ሰሚት ካርቦን ሶሉሽንስ የሚባል የአዮዋ ኩባንያ እቅድ ይዞ ተነሳ። በኋላ እየሰፋ ሲሄድ በአምስት ስቴት ያሉ 57 የኤታኖል ፋብሪካዎችን የሚያገናኝ፣ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቧንቧ ሆነ። ጋዙ መጨረሻ ላይ ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ከመሬት በታች ሊቀበር ታሰበ። በዓመት እስከ 18 ሚሊዮን ቶን። የፌዴራል መንግሥት ለተቀበረ ለእያንዳንዱ ቶን የ85 ዶላር የታክስ ቅናሽ ይሰጣል፣ ለ12 ዓመት። ሒሳቡን አንቺው ሥሪው። ሁሉም ከሞላ በዓመት ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ነው።

ገበሬውም ሒሳቡን ሠርቶታል።

ለገበሬው የሚመጣው አንድ ጊዜ የሚከፈል ካሳ ነው። ቧንቧው ግን እዚያው ይኖራል፣ ለልጅ ልጅ። እምቢ ካለ ደግሞ ኩባንያው በፍርድ ቤት መሬቱ ውስጥ የማለፍ መብት ሊወስድበት ፈለገ። እኛ “የልማት ተነሺ” የምንለውን አስቢ። ልዩነቱ፣ አገር ቤት የሚያስነሣሽ መንግሥት ነው፣ መሬቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይባላል። ዳኮታ ላይ መሬቱ የገበሬው የግሉ ነው፣ ምናልባት አያቱ ያቀናው። የሚያስነሣው ደግሞ የግል ኩባንያ ነው። “ለግል ትርፍ መሬት አይነጠቅም” የሚሉት ሰሌዳዎች ትርጉማቸው ይኸው ነው። ቀያሾች ከነመሣሪያቸው ሳይፈቀድላቸው ማሳ ውስጥ ሲገቡ ነገሩ ጭራሽ ተበላሸ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፖለቲካ አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ አልጠበቀውም። ለቧንቧ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ኮሚሽን በ2023 የሰሚትን ማመልከቻ ውድቅ አደረገ። በዚያው ዓመት ናቪጌተር የሚባለው ሌላ ኩባንያ የራሱን ቧንቧ ትቶ ወጣ። በ2024 ሕግ አውጪዎቹ ለቧንቧ የሚያመች ሕግ ቢያወጡ፣ ሕዝቡ በኅዳር ምርጫ ሻረው። ሳውዝ ዳኮታ የሪፐብሊካኖች አገር ናት፤ ግን ወግ አጥባቂው ገበሬና የአካባቢ ተቆርቋሪው አንድ ላይ ነው የቆሙት። በመጋቢት 2025 ገዥው ለካርቦን ቧንቧ መሬት በግድ መውሰድን የሚከለክል ሕግ ፈረሙ። በሚያዝያ ኮሚሽኑ የሰሚትን ሁለተኛ ማመልከቻም ውድቅ አደረገው።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምርልሽ። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ በቆሏቸውን የሚሸጡት ለእነዚያው የኤታኖል ፋብሪካዎች ነው። ክርክሩን ብታዳምጪ ደግሞ ስለ አየር ንብረት የሚያወራ ብዙም አታገኚም፣ ከደጋፊዎቹም ወገን ቢሆን። ደጋፊው የሚያወራው ስለ በቆሎ ዋጋና ስለ ገበያ ነው። ልጅሽ የተማረው ስሕተት አይደለም፣ የቴክኖሎጂው ዓላማ ያ ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን ያንን የሚያነሳው ጥቂት ነው።

እነዚሁ ገበሬዎች የነፋስ ተርባይን ጠላት አይደሉም። አዮዋና ሳውዝ ዳኮታ ከሚያመነጩት ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላዩ ከነፋስ ነው። ያ ሁሉ ተርባይን የቆመው በገበሬ ማሳ ላይ ነው፣ በውል፣ በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ። የማይፈልግ አይፈርምም። በእርግጥ እሱንም የሚጠላ አለ። “እይታችንን አበላሸው” ይላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚለው ኪራዩ ጎረቤቱ ጋ የቀረበት ሰው ነው! ዴንማርኮች ይህን ቀድመው ነቁበት። በሕግ፣ አዲስ ተርባይን የሚያቆም ድርጅት ከአክሲዮኑ 20 በመቶውን በ4.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ላሉ ነዋሪዎች እንዲያቀርብ እስከ 2020 ድረስ ያዝዙ ነበር።

አሁን ወደ ኔዘርላንድስ ልውሰድሽ። በኛ ሙያ፣ በካርቦን ቀበራ ማለቴ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ከተማ አለች። ባሬንድሬኽት ትባላለች፣ ሮተርዳም አጠገብ። ከሥሯ ጋዙ ተሟጦ ያለቀ የተፈጥሮ ጋዝ ማጠራቀሚያ አለ፣ ከ1,700 ሜትር በታች። ሼል ከፐርኒስ ማጣሪያው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያ ሊቀብር አሰበ፣ ወደ 10 ሚሊዮን ቶን። በመሐንዲስ ዓይን የሚያምር እቅድ ነው። ዓለቱ ለሚሊዮን ዓመታት ጋዝ ይዞ ኖሯል። ቧንቧው አጭር ነው። መንግሥት ገንዘብ መድቧል።

በ2008 ነዋሪው ስብሰባ ተጠራ። እቅዱ አልቆ፣ ቦታው ተመርጦ፣ ማለት ነው። ሰው የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነበር። “ለምን እኛ?” አሳማኝ መልስ የሰጠ የለም። የከተማው ምክር ቤት ተቃወመ። በ2009 ሁለት ሚኒስትሮች እንዲሠራ ወሰኑ፣ ከዚያ ሊያስረዱ መጡ። ልብ በይ፣ ወስነው ነው የመጡት። አዳራሹ በጩኸት ተቀበላቸው። በኅዳር 2010 አዲሱ መንግሥት እቅዱን ሰረዘው። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የአካባቢው ድጋፍ ጨርሶ አለመኖሩ ነው።

አሁን ተመልከቺ። ከዚያው ከፐርኒስ ማጣሪያ፣ ያው ጋዝ፣ ከ2005 ጀምሮ በአሮጌ የነዳጅ ቧንቧ ተጉዞ ቲማቲምና አበባ ወደሚያበቅሉ የመስታወት ቤቶች ይሄዳል። ተክሉ ይመገበዋል። በዚያ የተነሳ ሰው የለም። ግፊቱ ያነሰ ነው፣ ይህን መሸሸግ አይገባኝም፣ ልዩነት አለው። ግን ሰዉን ዝም ያሰኘው የግፊቱ መጠን አይደለም። ቧንቧው ድሮም ነበረ፤ አትክልተኛው ጋዙን ፈልጎ ይገዛል፤ “እናንተ ሥር ልቅበረው” ያለው የለም።

ጀርመንም እንዲሁ። በርሊን ዙሪያ ባለው በብራንደንቡርግ ስቴት ሁለት ቦታ ነበረ። ኬትሲን ላይ የምርምር ተቋም ከ2008 እስከ 2013 ድረስ 67,000 ቶን ቀበረ። በሩን ከፍቶ፣ የመጣውን ጎብኚ እያስተናገደ። ይህ ነው የሚባል ተቃውሞ አልገጠመውም። ቤስኮ ላይ ደግሞ ቫተንፋል የተባለው የኃይል ኩባንያ የከሰል ጣቢያውን ካርቦን ሊቀብር ተነሣ። ሕዝቡ ነቅሎ ወጣ። በ2011 መጨረሻ እቅዱ ቀረ። የኬትሲኑ በመጠን ትንሽ ነው፣ ይህም ረድቶታል። ግን ሰው ቤስኮ ላይ የጠየቀው “የከሰል ጣቢያችሁን ዕድሜ ለማራዘም ነው የኛን መሬት የምትፈልጉት?” እያለ ነው። ይህ የጂኦሎጂ ጥያቄ አይደለም።

በዚህ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ። አብዛኛው ሰው ስለ ካርቦን ቀበራ ብዙም አልሰማም። በስልክ ደውለሽ “ትደግፋለህ?” ብትዪው ግን አንድ መልስ ይሰጥሻል፣ ላለማፈር። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይልሻል። ካርቦኑ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ነው ስትዪው ይለዝባል። ከከሰል ጣቢያ ነው ስትዪው ይጠነክራል። ፀሐይና ነፋስን ግን ሁሌም ያስቀድማል። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ “ይህን ያህል በመቶ ሕዝብ ይደግፋል” የሚል ስታዪ ብዙ አትመኚ። የሰው ትክክለኛ አቋም የሚታወቀው ቀያሹ በሩ ላይ ሲቆም ነው።

እኔም ከተወቃሾቹ አንዱ ነኝ፣ አልደብቅሽም። ከዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ ድርጅት በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ስብሰባ ጠራ። መድረክ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ቧንቧ በዓመት በኪሎ ሜትር የመሰበር ዕድሉ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይዣለሁ። ብዙ ዜሮ ያለው። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሽማግሌ እጁን አነሳ።

“ሌሊት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሰበር የሚደውልልኝ ማነው?” አለ። በኛ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው።

እኔ ስለ ዜሮዎቹ መለስኩለት። ጥያቄውን ደገመው። እኔም ዜሮዎቹን ደገምኩ። “እሺ፣ ገባኝ። ማንም አይደውልም ማለት ነው” ብሎ ቁጭ አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ያ መስመር አልተሠራም። ሽማግሌው የጠየቀኝ ግን በጣም ተራ ነገር ነበር። ስልክ ቁጥር። ለጎረቤት ሁሉ በአንዴ የሚደውል ማስጠንቀቂያ፣ ለበጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የኦክስጅን መሣሪያና ሥልጠና፣ ረባዳ ላይ ላሉ ቤቶች ጋዝ መለኪያ። ከቧንቧው ዋጋ ጋር ሲተያይ ይህ ሁሉ የቡና ገንዘብ ነው። ሳታርሺያ ላይ ያልነበረውም ይኸው ነው።

የእኔን አቋም ከፈለግሽ፣ ካርቦን ይዞ መቅበርን አልቃወምም። ሲሚንቶን ውሰጂ። ከሚለቀው ካርቦን ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ ነው። ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብታነጂውም አይቀርም። ኖርዌይ ውስጥ ብሬቪክ ላይ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ በ2025 መያዝ ጀምሯል፣ በዓመት 400,000 ቶን እንዲይዝ ነው የተሠራው። ጋዙ በመርከብ ሄዶ ከሰሜን ባሕር ወለል 2,600 ሜትር በታች ይገባል። ኖርዌዮች ከ1996 ጀምሮ ስላይፕነር በሚባለው ቦታ ሲቀብሩ ኖረዋል፣ ለብዙ ዓመታት በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ። ሆላንዶችም ከባሬንድሬኽት በኋላ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረዋል። ፖርቶስ የሚባለው እቅዳቸው ከሮተርዳም ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ባሕር ሥር ነው። የኤታኖሉ ግን አላሳመነኝም። ለመኪና ነዳጅ ተብሎ የሚታረስ በቆሎ ላይ ይህን ያህል ቧንቧና ይህን ያህል የሕዝብ ገንዘብ ማፍሰስ አይዋጥልኝም። የሙያ ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም፣ እሱ የኛ ጭቅጭቅ ነው።

ወደ ቤታችሁ እንመለስ። በመጋቢት 2025ቱ ሕግ መሠረት በናንተ ስቴት ባለቤቱ ሳይፈቅድ የካርቦን ቧንቧ በግድ አያልፍም። ግን ቤቱን የሚሸጥላችሁ ሰው ቀድሞ ፈርሞ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ፈርሟል፣ ገንዘብም ተቀብሏል። ፊርማው ከመሬቱ ጋር ለገዢው ይተላለፋል። ስለዚህ የባለቤትነት ማጣሪያው ወረቀት ሲደርሳችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። “ኢዝመንት” የሚል ቃል ፈልጉበት፣ ለሌላ ሰው የተሰጠ በመሬቱ የማለፍ መብት ማለት ነው። ካለ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ በላዩ ላይ ምን መሥራት እንደሚከለከል አስነብቡ። ካልገባችሁ ለጠበቃ የምትከፍሉት ጥቂት መቶ ዶላር አይቆጫችሁም። አሁን መሬት ውስጥ ያሉትን ትልልቅ የጋዝና የነዳጅ ቧንቧዎች ደግሞ የፌዴራሉ የቧንቧ ካርታ በየካውንቲው ያሳያል፣ በነጻ ነው። ግቢው ውስጥ አጥር ወይም ዛፍ ለመትከል ስትቆፍሩ ከጥቂት ቀን በፊት 811 ደውሉ። እነሱ መጥተው ቧንቧና ገመድ ያለበትን ቀለም ይቀቡላችኋል።

ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ ማሞቂያው ምናልባት በፕሮፔን ነው። ጓሮ ያለውን ነጭ ታንክ ታዪዋለሽ። ክረምት ላይ ማሞቂያው ካልተጠገነ ወይም የጭስ መውጫው በበረዶ ከተደፈነ፣ ያ መጀመሪያ ላይ የነገርኩሽ የከሰል ጋዝ ቤት ውስጥ ይቀራል። ቁልፉን በተረከባችሁ ዕለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግዙ፤ አንዱን ምድር ቤት፣ አንዱን የመኝታ ክፍሎቹ ኮሪደር ላይ ስቀሉት። ሻጩ የተወላችሁ አሮጌ ካለም ገልብጣችሁ ከጀርባው ያለውን ቀን እዩ፣ አብዛኞቹ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ብቻ ነው የሚሠሩት።